አምደኛውን በምን እንመዝነው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሰው ጽሑፍ ስቀበልና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። አምደኞችንና የሚዲያ ተንታኞችን ስለማመንና አለማመን የምትሉት ካለ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁሉም ሲናገሩ ያሳምናሉ። የቱ እንደሚያውቅ በምን ልለይ?

መልስ፦ በአነጋገሩ አትለየውም። አምና የጻፈውን ፈልገህ አንብብ። ይሆናል ያለው ሆነ? ካልሆነስ ተመልሶ ተናገረ ወይስ እንዳላለ አለፈው? ከዚህ የተሻለ መመዘኛ እኔ አላገኘሁም። ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር የ284 ባለሙያዎችን ትንበያ ለሃያ ዓመት ገደማ ሰብስቦ በኋላ ከሆነው ነገር ጋር አመሳክሮታል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያወጣው፣ አብዛኞቹ በዘፈቀደ ከሚገምት ሰው ብዙም አልተሻሉም። ሚዲያ ላይ ስማቸው የገነነው ደግሞ ካልታወቁት የባሱ ሆነው ተገኙ። አይገርምም፤ አቅራቢዎች «እንዲህም ሊሆን ይችላል፣ እንዲያም» የሚለውን እንግዳ ደግመው አይጠሩትም፣ የሚጠሩት ፍርጥ አድርጎ የሚናገረውን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እዚህ ተቀምጦ ስለ አገር ቤት የሚተነትን ሰው ይታመናል? ቦታው ላይ ያለው አይሻልም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ፣ ግን ቦታው ላይ መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋልተር ዱራንቲን ውሰጂ። የኒውዮርክ ታይምስ የሞስኮ ዘጋቢ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት አግኝቷል፣ በዘመኑ ስለ ሶቪየት ኅብረት ከእሱ በላይ የሚሰማ ሰው አልነበረም። በ1933 ዩክሬን ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ጋሬዝ ጆንስ የተባለ ወጣት የዌልስ ጋዜጠኛ ከባቡር ወርዶ ገጠሩን በእግሩ ሄደበት፣ ገበሬዎቹን አነጋገረ፣ ያየውንም ተናገረ። ዱራንቲ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማስተባበያ ጻፈበት፤ ምግብ አጥሯል እንጂ ሰው በረሃብ እየሞተ አይደለም አለ። ብዙ አንባቢ ያመነው ባለ ሽልማቱን ነው። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም እውነቱ የዚያኑ ሰሞን ታትሞ ነበር። ስለዚህ የምትሰሚው ሰው የት እንደሚኖር ከመጠየቅሽ በፊት ይህን በምን አወቀው ብለሽ ጠይቂ። ሜሪላንድ ሆኖ ወሎ ካሉ አምስት ሰዎች ጋር በስልክ ያወራና ያንንም የሚነግርሽ ሰው፣ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሆኖ ከሚገምተው ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ምንጮች» ሲሉ ልመን?

መልስ፦ አንዳንዴ የምንጩን ስም መደበቅ ግድ ነው፤ ሰው ሊታሰር፣ ከሥራ ሊባረር ይችላል። ግን ምንጩ ከወሬው ምን ያገኛል በል። የኢራቅ ጦርነት ሲቃረብ ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ብዙ ተጽፎ ነበር፤ ከምንጮቹ አንዳንዶቹ ሳዳም እንዲወድቅ የሚፈልጉ ስደተኛ ኢራቃውያን ነበሩ። ኒውዮርክ ታይምስ ራሱ ግንቦት 26 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) ዘገባዎቹን በደንብ እንዳልመረመረ ለአንባቢዎቹ ጽፏል። ስህተቱን እንዲህ በአደባባይ የሚያርምን እኔ ይበልጥ አምነዋለሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ጥያቄ፦ የዩትዩብ ተንታኞችስ?

መልስ፦ መመዘኛው ያው ነው። አንድ ነገር ግን ጨምር፦ ከምን እንደሚኖር እይ። ገቢው ከተመልካች ብዛትና ከሱፐርቻት (ተመልካች በቀጥታ ስርጭት ላይ ከፍሎ ከሚልከው መልእክት) ከሆነ፣ ተከታዮቹ የማይወዱትን እውነት የሚናገርበት ቀን ኪሱን ይጎዳዋል። በዚያ ቀን ምን እንዳለ ተመልከት። ትልልቆቹ ጣቢያዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተጋለጠው፣ ጡረታ የወጡ መኮንኖች በቴሌቪዥን ስለ ኢራቅ ጦርነት ሲተነትኑ ብዙዎቹ ከመሣሪያና ከወታደራዊ አቅርቦት ኩባንያዎች ጋር የጥቅም ትስስር ነበራቸው። ለተመልካች ግን አልተነገረም።

ጥያቄ፦ ጋዜጣው «ጽሑፉ የጸሐፊውን አመለካከት ብቻ ያንፀባርቃል» ብሎ ሲጽፍ ኃላፊነት የለብኝም ማለቱ ነው?

መልስ፦ ለአስተያየቱ እንጂ ለመረጃው አይደለም። «የኑሮ ውድነቱ የመንግሥት ጥፋት ነው» ማለት አመለካከት ነው። «ጤፍ በአንድ ወር እጥፍ ሆነ» ማለት ግን ገበያ ወጥቶ የሚረጋገጥ ነገር ነው፣ አዘጋጁም ሳያጣራ ማሳለፍ የለበትም።

ጥያቄ፦ የማልስማማበትን አምደኛ ማንበብ ጊዜ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። ግን ምረጥ። የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ፣ ባለቤቶቹ «አዎ፣ እኛ የምንለው ይህንን ነው» በሚሉት መንገድ የሚያቀርብ ሰው ፈልግ፤ በአንተ በኩል ያሉትንም በዚያው ለካቸው። ከሚደግፉት ወገን ጥፋት ሲገኝ ጽፈው የሚያውቁ ከሆነ በርታ፣ አንብባቸው። በዓመታት ጽሑፋቸው ውስጥ አንዴም ካልጻፉ ግን የምታነበው የድርጅት መግለጫ ነው።