«ሁለቱም ጋ እገባለሁ» ላልሽኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ ያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ደብረ ብርሃን ያለ ፋብሪካም ተቀብለውሻል። ሁለቱም ጥቅምት 1 ጀምሪ ብለዋል። አንቺም ለሁለቱም «እሺ፣ እመጣለሁ» አልሽ፤ ያውም ከልብሽ። ጓደኛሽ ይህን ሰምታ «አእምሮሽ አልተረጋጋም» ስትልሽ ከፋሽ። «የማይገጥሙ ሁለት ሐሳቦችን መያዝ አለማስተዋል ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሁለቱንም መፈለግሽ ጥፋት የለበትም። ፍላጎት እርስ በርሱ ቢጣላም አብሮ ይኖራል። ከእናትሽ አጠገብ መሆንም፣ ከተማ ላይ ማደግም ያምርሻል፤ ማንን አያምረው? ሁለቱም ጋ ማመልከትሽም ልክ ነው። ማይክል ብራትማን የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን በቪዲዮ ጌም አስረድቷል። አንድ ሰው በሁለት እጁ ሁለት ጌም ይጫወታል። አንዱ ላይ ዒላማውን ከመታ ሁለቱም ጌሞች ያበቃሉ። ሁለቱን እንደማያገኝ ያውቃል፤ የትኛው እንደሚሳካለት ግን አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ይሞክራል። ይህ ሰው ሞኝ አይደለም። ሁለቱንም እመታለሁ ብሎ ቢቆርጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንቺ መሞከሩን አልፈሽ ቆርጠሻል። የቆረጠ ሰው ደግሞ መዘጋጀት ይጀምራል። ደብረ ብርሃን የወር ኪራይ ከፍለሽ ቁልፍ ይዘሻል። መሐል ሜዳ እናትሽ ክፍልሽን በጭቃ እያስለሰኑልሽ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚባለው እዚህ ላይ ነው። እየተመላለስኩ እሠራለሁ እንዳትዪ፣ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘውን፣ በየቀኑ የማያመላልሰውን የጣርማ በር መንገድ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ባታውቂው ኖሮ መረጃ አጠረሽ እንል ነበር። እያወቅሽ መሆኑ ነው ያሳሰበኝ።

ግን ጓደኛሽ ያልነገረችሽ ነገር አለ። «ሐሳብሽ ይግጠም» ማለት የትኛውን እንደምትተዪ አይነግርሽም። የትኛውንም ብትተዪ ይገጥማል። ዋናው ለእያንዳንዱ ሥራ ያለሽ ምክንያት ነው የሚሉ ፈላስፎች አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ። ስለዚህ ለመገላገል ብቻ ብለሽ ዕጣ እንዳትጥዪ። ደብዳቤሽ ላይ ስለ ፋብሪካው የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው፣ እሱም ስለ ደሞዙ። ስለ እናትሽ ጉልበት ሕመም ግን ግማሽ ገጽ ጽፈሻል። ይህን ሳየው ዝም ማለት አልቻልኩም። ሚዛኑ ግን በአንቺ እጅ ነው።

ከወሰንሽ በኋላ ለምትተዪው መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን ደውዪ። ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ተመራቂ አለ። ቁልፉን መመለስ ወይም ለእናትሽ መንገር ከከበደሽ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ አለሁ፤ ነይና አብረን እንደውላለን።