«ሃይፐር» እና «ሃይፖ» ምንና ምን ናቸው?

ጥያቄ፦ የእናቴ ካርድ ላይ «ሃይፐርቴንሽን» ተብሎ ተጽፏል። ጎረቤታችን ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ሲወድቅ «ሃይፖግላይሴሚያ» ነው አሉን። ሁለቱ ተምታቱብኝ፣ ልዩነታቸውን ንገሩኝ። (አንባቢያችሁ ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም፣ በተለይ ሐኪሙ እየተጣደፈ ከተናገረ። ሁለቱም የግሪክ ናቸው፤ «ሃይፐር» ከላይ ወይም ከልክ በላይ፣ «ሃይፖ» ከታች ወይም ከልክ በታች ማለት ነው። እስቲ የጎረቤትሽን ቃል እንበታትነው፦ መሃሉ ጣፋጭ ከሚለው «ግሊኪስ»፣ መጨረሻው ደም ከሚለው «ሃይማ» የመጣ ነው፣ ስለዚህ ሲገጣጠም የደም ስኳር ከልክ በታች ወረደ ማለት ይሆናል። የእናትሽ ግን ቅይጥ ነው፤ «ቴንሽን» ውጥረት ከሚል ላቲን የመጣ ነው፣ ሐኪሞች እንዲህ መደባለቅ ይወዳሉ፤ ሲገጣጠም የደም ግፊት ከልክ በላይ ወጣ ማለት ነው።

ደግሞ «ሃይፖ» ሁሌ ማነስ አይደለም። ቦታም ያሳያል፦ «ሃይፖደርሚክ» መርፌ ከቆዳ ሥር የሚገባው ነው። በጂኦሜትሪ ክፍል ያሰቃየን «ሃይፖተንዩስ» እንኳ ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ሥር የተዘረጋ መስመር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ «ሃይፖቴንሽን» የሚባልም አለ፣ የግፊት መውረድ ነው፣ ከእናትሽ ችግር ተቃራኒ። ስለዚህ ፋርማሲ ስትሄጂ በቃል ከመንገር ካርዱን አሳዪያቸው።