መልስ፦ የጎረቤትን ልብስ ከጋራ ገመድ ላይ ማንሳት ነውር ነው ወይ?

ከደረቀ ነውር የለውም፤ እርጥብ ከሆነ ግን አትንኪው። አዳማ ፀሐይና ንፋስ ባለበት ቀን ስስ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፤ ጠዋት የተሰጣ እስከ ማታ ገመድ ይዞ የሚውልበት ምክንያት የለም። ጂንስና ብርድ ልብስ ላይ ግን አትቸኩዪ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ይቆያል፤ ወገቡንና ኪሱን በእጅሽ ጨመቅ አድርገሽ እይው።

መጀመሪያ በሯን አንኳኪ። «ልብስሽ ደርቋል፣ ላንሳልሽ?» ይበቃል። ቤት ከሌለች፦

1. እጅሽን ታጥበሽ አንሺ፤ አጥፈሽ ንጹህና ደረቅ ሳፋ ውስጥ አድርጊውና በሯ ላይ አኑሪው። የደረጃው ብረት ላይ አታንጠልጥዪው፣ የከሰዓቱ ንፋስ አቧራ ያለብሰዋል።
2. መቆንጠጫዎቿንም እዚያው ሳፋ ውስጥ ክተቺ። በመቆንጠጫ የሚነሳው ጠብ በልብስ ከሚነሳው ይበልጣል።
3. የውስጥ ልብስ ካለ አታንሺው። ወደ ገመዱ ዳር ገፋ አድርገሽ ተዪው።

የአንቺን ስታሰጪ ደግሞ ቀለም የሚለቀውን ከነጭ ነጠላ አርቂ፤ ንፋሱ ያገናኛቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በጋራው ገንዳ በረኪና ከተጠቀምሽ በደንብ ሳታለቀልቂ አትሂጂ። ውሃ በፈረቃ ከሆነ የማለቅለቂያውን አንድ ባልዲ አስቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪ። ታች የቀረችው ጭላጭ የሚቀጥለውን ሰው ጥቁር ቀሚስ ታዥጎረጉራለች፣ በሳሙና ደግሞ አይመለስም። ያኔ ገንዳውን መጨረሻ የተጠቀመው ማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል።