ካምፐር መንገድ ላይ ሲቆም፦ ከጎንደር ለሚነሱ ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት ደባርቅ፣ ባሕር ዳር፣ መተማ ስመላለስ ኖሬያለሁ። አሁን ሚኒባሴ ውስጥ አልጋና ምድጃ አስገጥሜ ከቤተሰቤ ጋር እዞራለሁ። ለጥምቀት እንዲህ ባለ የመኝታ መኪና፣ በካምፐር፣ የሚመጡ ዘመዶች ጥያቄ ስላበዙብኝ ዛሬ ተቀምጬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እየነዳሁ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋብኝ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ኮፈን ለመክፈት አትቸኩል፣ የኔ ልጅ። ሞተሩ ቢጠፋም መኪናው ትንሽ ይንሸራተታል። መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል፤ ጠንከር አድርገህ ያዝ። ከመታጠፊያ ራቅ ያለ ቦታ ፈልገህ ቀኝህን ይዘህ ቁም። ሁለቱንም ፍሬቻ አብራ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርግ። ከዚያ ሰዎቹን አውርድ። ካምፐር አልጋ ስላለው «ልጆቹ ይተኙ» ይባላል። አይሆንም። ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ውስጥ ሰው መተኛቱን አያውቅም። ከመንገዱ ወጣ ብለው ይቀመጡ።

አንጸባራቂ ምልክት ከሌለህ እኛ ሹፌሮች እንደምናደርገው ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ከኋላ ራቅ አድርገህ አኑር። መታጠፊያ ካለ ከመታጠፊያው በፊት ይሁን። ድንጋይ የደረደረ ሰው ግን ሲሄድ ያንሳ። አንድ ምሽት ማክሰኝት አካባቢ ሌላው ትቶት የሄደ ድንጋይ ጎማዬን ቀዶብኛል። ሦስት ልጆች ይዤ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ወደ ደባርቅ ስንወጣ የሞተሩ ሙቀት ቀይ ላይ ደረሰ። ውሃ ልጨምር?

ወዲያው አይሆንም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ ድስት ላይ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሞቆም የማይፈላው ክዳኑ አምቆ ስለያዘው ነው። ትኩሱን ክዳን ስትከፍት ፈንድቶ ፊትህ ላይ ይወጣል።

መርፌው መውጣት ሲጀምር ኤሲውን አጥፋ፣ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ክፈት። ውስጥ ይጠብሳችኋል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ካልወረደ ቁም። ቀይ ድረስ አትጠብቅ፤ መኪናው ሲለምንህ ቦታ መርጠህ ብትቆም ቦታውን መኪናው አይመርጥልህም። ሞተሩን አጥፍተህ ከግማሽ ሰዓት በላይ አቀዝቅዝ። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ፍታ፣ ውሃውንም በጥቂት በጥቂቱ ጨምር። የካምፐር ውሃ ታንክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እንደገና ከሞቀ ቺንጋውን፣ ፋኑን፣ የሚያንጠባጥብ ነገር መኖሩንም እይ።

ጥያቄ፦ ሊማሊሞን በካምፐር መውረድ ያስፈራል?

እኔን ያስፈራኛል፣ እህቴ፤ ስለዚህም ተጠንቅቄ እወርዳለሁ። ጣሊያን ያወጣው መንገድ ነው፤ ከደባርቅ ብርድ ወደ አዲአርቃይ ሙቀት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሚዛንሽን አስቢ። 100 ሊትር ውሃ ብቻ 100 ኪሎ ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሻንጣው ይጨመርበት።

ዘዴው ከላይ ነው የሚጀምረው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሺ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ። ፍሬኑን እየረገጥሽ አትውረጂ። ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ ይቀዝቅዝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሰው አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተሽ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ከወረደ ሰፋ ያለ ቦታ ቁሚና ጠብቂ። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አይደፋም፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ሳዞር ጭጭ አለ።

መብራቱ ደብዝዞ ከሆነ ባትሪ ነው። በመጀመሪያ የባትሪው ጫፎች ላልተው ወይም ዝገው እንደሆነ እይ። ካምፐር ብዙ ጊዜ ለቤቱ ሁለተኛ ባትሪ ስላለው ገመድ ከያዝክ ከእሱ ታስነሳለህ። ቀይ ከቀይ አገናኝ፤ የጥቁሩን አንድ ጫፍ ከቤቱ ባትሪ ጥቁር ጫፍ ጋር፣ ሌላውን ግን በመጨረሻ ከደከመው ባትሪ ራቅ ካለ የሞተር ብረት ጋር አገናኝ።

ጥያቄ፦ ጎማዬ አዲስ ይመስላል። በመተማ መንገድ ይበቃኛል?

መልኩን አትመን። ጎማው ጎን ላይ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2319 ቢል በ2019 እንደ ፈረንጆች በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የካምፐር ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል። ከአይከል በኋላ ወደ ቆላ ሲወረድ ሙቀትና ጭነት ያረጀውን ያፈነዱታል።

ስኮርታውም ነፋስ እንዳለው አዘዞ ሳትወጣ ጎሚስታ ዘንድ አስለካ። ክሪኩ የካምፐሩን ክብደት የሚችል ይሁን። ብሎኑን መኪናው ሳይነሳ አላላ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግባ።

ጥያቄ፦ ቢመሽብንስ?

መጀመሪያ አይምሽባችሁ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መንገድ የመጡትን ሹፌሮች ጠይቁ። ምን እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከተበላሸም ለሚያልፈው ሚኒባስ ረዳት መልእክት ስጡት፤ ቀጣዩ ከተማ ላለ መካኒክ ያደርሳል። የተሰበረውን ዕቃ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ ሳያውቅ መጥቶ ባዶ እጁን እንዳይመለስ።

ጥያቄ፦ መኪና የገፉልንን ሰዎች ገንዘብ ልስጣቸው?

መካኒክ ከሆነ ሥራው ነው፤ ሳይጀምር ተስማሙ። ገበሬው ግን ሞፈሩን ጥሎ የመጣው ለገንዘብ አይደለም። ካምፐሩ ምድጃ አለው፣ ጀበና ጣዱለት። ቡናው እስኪፈላ ሞተሩም ይቀዘቅዛል።