ለታንክስጊቪንግ የቅመም ዶናት፦ ሁሉንም የጾም አድርጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ዘንድሮ ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) እናንተ ቤት ነው። ወደ ሃያ ሰው ይመጣል፣ ግማሹ ጿሚ ነው። አንቺ ደግሞ ዘይት ከምታፈይ የቅመም ዶናት በኦቨን ልጋግር ብለሻል። እርሾ ይሻላል ወይስ ቤኪንግ ፓውደር፣ የጾምና የፍስክ ለየብቻ ልሥራ ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በየዓመቱ የቡና ቁርሱ የእኔ ድርሻ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የጾሙን ነገር እንጨርስ። ሁለት ዓይነት እንዳትሠሪ! ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። የነቢያት ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ማለት ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በዓሉ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። በ2023 ሐሙሱ 23 ላይ ስለዋለ ተርኪው (የበዓሉ የወፍ ጥብስ) ለሁሉም ደረሰ። በ2022 ግን ጾሙ የገባው በዚያው ዕለት ነበር። እና ሁለት ሳህን ብታቀርቢ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፤ ልጆች ያደባልቁታል። አንዷ «የጾሙ የቱ ነው?» ትላለች፣ እርግጠኛ የሆነ ሰው ይጠፋል። ከዚያ ጿሚዎቹ በይሉኝታ «ኧረ ጠግበናል» ይሉሻል። ሁሉም የጾም ከሆነ የሚጾመውም የማይጾመውም ከአንድ ሳህን ያነሳል። ደግሞ አፕልና ቀረፋ ባለበት ዶናት ላይ እንቁላሉ ቀረ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።

እርሾውን ተዪው። እርሾ ያለው ሊጥ ኦቨን ሲገባ ጣፋጭ ዳቦ ነው የሚሆነው። አዲስ አበባ ካፌ የምናውቀውን ቦምቦሊኖ ቦምቦሊኖ የሚያደርገው የተጠበሰበት ዘይት ነው፣ እሱን ከኦቨን አትጠብቂ። የምትጋግሪው ኬክ መሰሉን ዶናት ነው፣ እዚህ ፎል (ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት) ሲገባ አፕል ለመልቀም የምንሄድባቸው እርሻዎች የሚሸጡትን ዓይነት። እሱ የሚነፋው በቤኪንግ ፓውደር ነው፣ ማደር መጠበቅም የለበትም።

ለ12 ዶናት የሚያስፈልገው ይኸው፦ 2 ኩባያ (250 ግራም ያህል) የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ቡናማ ስኳር። ከፈሳሹ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ሩብ ኩባያ ስኳር የሌለው አፕል ሶስ (ተቀቅሎ የተፈጨ አፕል)፣ ግማሽ ኩባያ የአጃ ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ተፈልቶ የተመጠጠ አፕል ሳይደር። አፕል ሶሱ በእንቁላሉ ፋንታ ነው የሚገባው። ለሃያ ሰው እጥፍ ያስፈልግሻል፣ ግን ሁለት ጊዜ ለየብቻ በጥብጪው። አንዴ የተበጠበጠ ሊጥ ተራ ሲጠብቅ ጉልበቱን ይጨርሳል።

ሳይደሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነውና። የምትገዢው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ደፍረስ ያለውን ቡናማ ጁስ ነው። አልኮል ያለበትም አለ፣ እሱን አይደለም። ሰው ከላክሽ ደግሞ «ቪነገር እንዳይሆን» ብለሽ አስጠንቅቂው፣ ስሙ ስለሚመሳሰል ኮምጣጤ ይዞልሽ ይመጣል። 2 ኩባያውን ሰፋ ባለ ድስት መካከለኛ እሳት ላይ ጥደሽ ግማሽ ኩባያ እስኪቀር ይፍላ። መጀመሪያ አረፋው ትንንሽ ነው። ወደ መጨረሻው ይተልቃል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ቤቱ በሙሉ አፕል አፕል ይሸታል። ከዚያ በኋላ ፊትሽን ካዞርሽ ያርርብሻል። አውርደሽ በደንብ ይቀዝቀዝ። ትኩሱን ዱቄት ላይ ካፈሰስሽው ቤኪንግ ፓውደሩ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ሥራውን ጨርሶ ኦቨን ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ይኼን ማክሰኞ ሠርተሽ ፍሪጅ ብታስገቢው ይገላግልሻል።

ቅመሙ፦ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፣ ቅርንፉድ ቆንጠር አድርገሽ፣ ከዚያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። እዚህ «ፓምፕኪን ስፓይስ» እያሉ የሚሸጡት ድብልቅ ቤትሽ ካለ ይሠራል፣ ግን ለዚህ ብለሽ አትግዢ። ሰው «ይሄ ምን አለበት?» ብሎ የሚጠይቅሽ በኮረሪማው ነው። ልጣጩን አውጥተሽ ፍሬውን ብቻ ወዲያው ፍጪው። ከሩብ ማንኪያ እንዳታሳልፊ፣ ካለፈ የቅቤ ማንጠሪያ ጠረን ያመጣል። መፍጫሽ በርበሬ ወይም ጥቁር አዝሙድ የሚገባበት ከሆነ አስቀድመሽ ደረቅ ሩዝ ፈጭተሽበት ጥረጊው።

ማዋሃዱ ቀላል ነው። ደረቁን ለብቻ ነፍተሽ፣ ፈሳሹን ለብቻ አዋህደሽ፣ አንድ ላይ ታደርጊያለሽ። ዱቄቱ ከጠፋ በቃ፣ ትንንሽ ጓል ቢታይሽ ግድ የለም። እስኪለሰልስ ካማሰልሽው ዶናቱ ላስቲክ ይሆናል።

ፓኑ መሃሉ ላይ እንቡጥ ያለው የዶናት ፓን ነው፣ አብዛኛው ስድስት ስድስት የሚይዝ ነው። ሁለት ያዢ፣ ብረቱን ምረጪ። ሲሊኮኑ ዶናቱን ቶሎ ቡናማ አያደርገውም። ዘይት ስትቀቢ መሃል ያለውን እንቡጥ እንዳትረሺው፣ የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ሊጡን በማንኪያ ካደረግሽው ይዝረከረካል። ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገልብጠሽ ጥጉን በመቀስ ቁረጪና ዙሪያውን ጭመቂው። ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙይ፣ አለበለዚያ ሲነፋ ቀዳዳው ይደፈንና ተራ ኬክ ይሆናል። ኦቨኑ 350 ፋራናይት (175 ሴልሺየስ ግድም) ይሁን። 10ኛው ደቂቃ ላይ በጣትሽ ጫን አድርጊው። ተመልሶ ከተነሳ በስሏል፣ ካልሆነ ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። አምስት ደቂቃ ፓኑ ላይ ይረፍና ገልብጪው።

አሁን ዋናው ራስ ምታት፣ ኦቨኑ። ሐሙስ ዕለት ኦቨኑ የተርኪው ነው፣ እርሱት። ዶናቱን ረቡዕ ማታ ጋግሪው። ሲቀዘቅዝ ሸፍነሽ አስቀምጪው፣ ግን ቀረፋና ስኳሩን እንዳትቀቢው! ስኳር ተቀብቶ ተከድኖ ያደረ ዶናት ውሃ ያወጣል፣ ጠዋት ስትከፍቺው ስኳሩ የለም፣ የሚያጣብቅ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ተርኪው ወጥቶ ሳይቆረጥ የሚያርፍበት ግማሽ ሰዓት አለ። ኦቨኑን 300 ላይ አውርደሽ ዶናቱን በንጹሕ ትሪ አምስት ደቂቃ አሙቂው። የተርኪ ስብ በፈሰሰበት ትሪ አይሁን፣ ጿሚ አለ። ሰው በልቶ ቡናው መቆላት ሲጀምር ደግሞ ትቀቢያለሽ። ቀለጥ ያለ የጾም ቅቤ ወይም የኮኮናት ዘይት በብሩሽ አስነክተሽ፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ስኳር ከ2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ጋር ቀላቅለሽ አገላብጪው። አቦል ሲቀዳ ትደርሺያለሽ።

«የጾም ቅቤ» ስልሽ የዕቃውን ጀርባ አንብቢ ማለቴ ነው። ማርጋሪን ሁሉ የጾም አይደለም፣ የወተት ተዋጽኦ ያለበት ብዙ ነው። «ነን ዴይሪ» የሚል የቡና ክሬመር እንኳ ከወተት የሚወጣ ኬሲኔት ይኖርበታል። ከዝርዝሩ ሥር «ኮንቴይንስ» በሚለው መስመር ላይ «ሚልክ» ካለ መልሰሽ አስቀምጪው።

ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልክ እንዳለ አትውሰዱት። ከፍታ ቦታ ላይ ሊጥ ቶሎ ይነፋና ይሟሽሻል። ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ አውርዱ፣ ወተቱን አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። አዲስ አበባ ላለች እህት የምትልኩላት ከሆነ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩን ከዚያም ትንሽ ትቀንስ። ሳይደር እዚያ ካጣች ስኳር ያልተጨመረበትን የአፕል ጁስ አፍልታ ትመጥጠው።

ቀድመሽ መገላገል ከፈለግሽ ሳይቀባ ፍሪዘር ይገባል፣ ከሳምንታት በኋላም ደህና ነው። ረቡዕ ማታ አውጥተሽ ማሳደር ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን፣ ዶናት አለ ብለሽ ቆሎውንና ድፎ ዳቦውን እንዳትሰርዢ። ትልልቆቹ ግማሹ ስኳር አለባቸው፣ ቡና ደግሞ ባዶውን አይጠጡም።