መልስ፦ 12 ዓመት የሞላቸው ካሞችና ስሊንጎች

ወንድሜ፣ የዓለት መውጫ ካሞቼ (ስንጥቅ ውስጥ ገብተው በክንፎቻቸው የሚይዙ የብረት መያዣዎች) እና ስሊንጎቼ (የተሰፉ የጨርቅ ቀለበቶች) 12 ዓመት ሞላቸው፣ ልጣላቸው ወይስ ልቀጥል ብለሃል። ብረቱንና ጨርቁን ለያይተህ እይ።

ጨርቁ ላይ ድርድር የለም። ናይለንም ሆነ ዳይኒማ (በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር)፣ አብዛኞቹ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙበት ይላሉ፤ ሳይነካ ተቀምጦ የቆየም ቢሆን። ስለዚህ የአንተዎቹ ጊዜያቸው አልፏል። ለወደፊቱ ግን ዓመት ብቻ አትቁጠር። ስሊንጉን በጣቶችህ መሃል ቀስ አድርገህ አሳልፈው። የደረቀ፣ የሻከረ፣ ቀለሙ የነጣ ወይም ስፌቱ የተበጠሰ ቦታ ካገኘህ፣ አምና የተገዛም ቢሆን አውጣው። ስትጥለው ቆራርጠው፤ ሌላ ሰው አንስቶ ሊወጣበት ይችላል። የመኪና ባትሪ አጠገብ ያደረ ከሆነም አትመነው። አሲድ ናይለንን በዓይን ምንም ሳይታይ ይበላዋል።

ብረቱ በዕድሜ ብቻ አይጣልም። የካሙን መሳቢያ ስበህ ልቀቀው። ክንፎቹ እኩል ካልተመለሱ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ እጠበው፣ አድርቀህም ቅባት ስጠው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቆሻሻ ነው። እኔ አንዱን ልጥለው ስል ከውስጡ አሸዋ ወጥቶ እንደ አዲስ ሠርቶልኛል። ግንዱ ከተጣመመ፣ ሽቦው ከተፈታተለ ወይም ክንፉ ከተሰነጠቀ ግን በቃው።

ካራቢነር (ገመድ የሚያልፍበት፣ የሚከፈት የብረት ማያያዣ) ላይ ገመዱ የቦረቦረው ጎድጎድ 1 ሚሊሜትር ከደረሰ አሰናብተው። ጠርዙ ይሳልና ገመድ ይጎዳል።

ካሞቹ ደህና ከሆኑ የተሰፋባቸውን ጨርቅ ብቻ በአምራቹ ወይም እሱ በፈቀደለት ባለሙያ አስቀይር። እባክህ ራስህ ቋጥረህ አትተካው። ዳይኒማ ሲቋጠር ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል፣ ቋጠሮውም እየተንሸራተተ ይፈታል።