መልስ፦ የልጅነት ኮሚክ ለምን አይለቀንም?

እህቴ፣ «አርባን አልፌም የልጅነቴ ኮሚክ፣ ያ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ይስበኛል፤ ናፍቆት ብቻ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ናፍቆትማ አለበት። ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም።

እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ፒያሳ፣ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መሃል ቲንቲን የሚባል ኮሚክ አገኘሁ። ሽፋን የለውም፤ የመጨረሻዎቹ ገጾችም ተቀደዋል። ፈረንሳይኛ ስለነበር አንዲት ቃል አልገባኝም። ታሪኩን ያነበብኩት ከገጸ ባሕርያቱ ፊት፣ ከላብ ጠብታቸው ነው። መጨረሻውን ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ጋቢ ለብሰን ማታ ማታ በየተራ እንፈጥረው ነበር።

ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው። በሁለት ሥዕሎች መሃል ባዶ ቦታ አለ። አንዱ ላይ እጅ ተነሥቷል፣ ቀጣዩ ላይ ሰውዬው ወድቋል። ጥፊውን የምታሳርፊው አንቺ ነሽ! ፊልም ይህን አይተውልሽም።

ደግሞ በሥዕል መተረክ ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ቲንቲን በ1929 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ቢጀምርም፣ የኛ ሠዓሊዎችም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሥዕሎች ደርድረው ሲተርኩ ኖረዋል። እስቲ አንዱን ፈልገሽ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ ተከተይው። ጽሑፉን ሳታነቢ።